ትራክተር በቀዝቃዛ ማለዳ አልነሣ ሲል፦ ምክንያቶቹና የፍተሻው ቅደም ተከተል

በመስኖ እርሻ የአንድ ቀን ሥራ መስተጓጎል ጉዳቱ በዚያው ቀን አያበቃም። በመራዊ አካባቢ 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት ለማልማት የተገነባው የቆጋ መስኖ ተጠቃሚ አርሶ አደሮች የመኸር ሰብላቸውን ካነሡ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ለበጋ ስንዴ ማሳቸውን ያዘጋጃሉ። ይህ ጊዜ የሌሊቱ ብርድ የሚጠናበት ነው። ትራክተሩ ማለዳ አልነሣ ካለ ማሳው ሳይታረስ የውኃ ተራ ሊያልፍ ይችላል፤ ዘግይቶ የተዘራ ስንዴም ፍሬ የሚሞላበት ጊዜ ከበጋው ሙቀት ጋር ይጋጭበታል። ይህ ጽሑፍ የትራክተር ባለቤቶችና ኦፕሬተሮች ችግሩን በቅደም ተከተል እንዲለዩ ለማገዝ ተዘጋጅቷል።

ብርድ በሞተር ላይ የሚያስከትለው ጫና

በናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጁ የሚቀጣጠለው በሲሊንደር ውስጥ ታምቆ በጋለ አየር ነው። ብርድ የባትሪውን ኃይል ይቀንሳል፤ የሞተር ዘይቱን ያወፍራል፤ የቀዘቀዘው የሞተር አካልም የታመቀውን አየር ሙቀት ይስባል። መራዊ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ መሆኑ ጫናውን ይጨምራል።

ይሁን እንጂ የአካባቢው ብርድ ናፍጣን የሚያረጋ አይደለም። በአግባቡ የተያዘ ትራክተር በእንዲህ ያለ ማለዳ ሊነሣ ይገባል። አልነሣ ካለ፣ ብርዱ አብዛኛውን ጊዜ ያጋለጠው በሞቃቱ ወራት ሳይታይ የቆየን ጉድለት ነው።

የፍተሻ ቅደም ተከተል

1. ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ከሌለ፦ ማርሹ ነጻ፣ ፍሪሲዮኑ የተረገጠ፣ የኋላው የኃይል መስጫ ዘንግም የተለያየ መሆኑን ያረጋግጡ። ብዙ ትራክተሮች እነዚህ ካልተሟሉ እንዳይነሡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

2. ድምፅ ብቻ ከተሰማ ወይም ሞተሩ በዝግታ ከዞረ፦ የባትሪውን ጫፎች ይመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ገመዱን ፈትተው (አስቀድሞ የኔጌቲቩን) ያጽዱና አጥብቀው ይሰሩ። በሚገባ የተሞላና ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12.2 በታች ከሆነ ሊሞላ ይገባዋል። ከአምራቹ መመሪያ የወፈረ ዘይት መጠቀምም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል።

3. ሞተሩ በደንብ እየዞረ ከጭስ ማውጫው ጭስ ካልወጣ፦ ነዳጅ እየደረሰ አይደለም። የማጥፊያው እጀታ ወደ ቦታው መመለሱን፣ የነዳጅ መክፈቻውን፣ ፊልትሮውንና ከሥሩ የተጠራቀመውን ውኃ ይፈትሹ። ውኃውን ካፈሰሱ በኋላ በእጅ ፓምፑ እየገፉ፣ በማስተንፈሻው ብሎን የሚወጣው ናፍጣ አረፋ እስኪያጣ ድረስ አየሩን ያስወጡ።

4. ሞተሩ እየዞረ ነጭ ጭስ ከወጣ፦ ነዳጁ ደርሷል፤ ነገር ግን በቂ ሙቀት አላገኘም። የማሞቂያ ሻማ (ካንዴሌታ) ወይም የአየር ማሞቂያ ያላቸው ሞተሮች ከመነሣታቸው በፊት በመመሪያቸው በተገለጸው ጊዜ ልክ መሞቅ አለባቸው። ማሞቂያው ቢሠራም ጭሱ ከቀጠለ፣ የኖዝሉን ወይም የእመቃውን ችግር ባለሙያ ይመርምረው።

በሁሉም ሙከራ ቁልፉን ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ በላይ አይያዙ፤ በየመሃሉም ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያሳርፉ። ያለ ዕረፍት የሚደጋገም ሙከራ ባትሪውን ያዳክማል፤ ሞተሪኖውንም ያቃጥላል።

ፈጽሞ ሊደረጉ የማይገባቸው

• ከሞተሩ ሥር እሳት ማንደድ፤ የፈሰሰ ዘይትና ናፍጣ ትራክተሩን ሊያቃጥል ይችላል።
• ማሞቂያ ባለው ሞተር አየር መሳቢያ ውስጥ ቤንዚን ወይም የማስነሻ ስፕሬይ መርጨት፤ ያለ ጊዜው የሚፈጠረው ፍንዳታ ፒስተን ይሰብራል፤ ሰውም ይጎዳል።
• መሬት ላይ ቆሞ የሞተሪኖውን ጫፎች በብረት በማገናኘት ማስነሣት፤ ማርሽ ውስጥ ያለ ትራክተር ወዲያው ተንቀሳቅሶ ሰው ሊገድል ይችላል።
• ከሌላ ባትሪ ኃይል ሲወሰድ ገመድ ማሳሳት፤ አስቀድሞ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይገናኛል፤ የኔጌቲቩ ገመድ መጨረሻ ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ ይታሰራል። የሁለቱ ባትሪዎች ቮልት እኩል መሆን አለበት።

በዋዜማው የሚደረግ ጥንቃቄ

የነዳጅ ጋኑን ማታ መሙላት ሌሊት በባዶው ክፍል የሚጠራቀመውን ጤዛ ይቀንሳል። ትራክተሩን ከጥላ ወይም ከመጠለያ ሥር ማቆም፣ የፊልትሮውን ውኃ በየጊዜው ማፍሰስና የባትሪውን ጫፎች በግሪስ መቀባት ብዙ ወጪ አይጠይቁም። የባትሪ፣ የዘይትና የፊልትሮ ሙሉ ፍተሻ በጥቅምት፣ ብርዱና የእርሻው ሥራ ሳይደራረቡ ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ከላይ የተዘረዘሩት ተፈትሸው ትራክተሩ ካልተነሣ፣ ሙከራውን አቁመው የታዩትን ምልክቶች በትክክል ለመካኒክ ማስረዳት የጥገናውን ጊዜና ወጪ ይቆጥባል።