ጭስ ወደ ላይ፣ ብርሃን ወደ ታች፦ የመንገደኞች አውሮፕላን መብራቶች

እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1983 ከዳላስ ወደ ቶሮንቶ 46 ሰዎችን ይዞ ይበር በነበረ የኤር ካናዳ ዲሲ-9 አውሮፕላን ላይ፣ ከኋላ መጸዳጃ ቤቱ አካባቢ እሳት ተነሣ። አብራሪዎቹ በጭስ ታፍነው ሲንሲናቲ አሳረፉት። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ፣ በሮቹም ተከፍተው ሳለ 23 መንገደኞች መውጣት ሳይችሉ ሞቱ። ከተረፉት መካከል ጎንበስ ብለው፣ ወንበሮቹን በእጃቸው እየዳበሱ መውጫውን ያገኙ ነበሩ።

ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል። የአደጋ ጊዜ መብራቶች ደግሞ ያኔ የሚገጠሙት ጣሪያው ላይና ከመውጫዎቹ በላይ ስለነበር፣ በቁርጡ ሰዓት ቀድመው የሚጋረዱት እነሱ ነበሩ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ደንብ ይህንን ፊት ለፊት ተጋፈጠ። ደንቡ ተጨማሪ አምፖል ይብዛ አላለም፤ ከመተላለፊያው ወለል ከ4 ጫማ (1.2 ሜትር ገደማ) በላይ ያለው ብርሃን ሁሉ በጭስ ቢሸፈን እንኳ መንገደኛው ወደ መውጫው የሚመራው ምልክት እንዲኖረው አዘዘ። በአቪዬሽን ታሪክ እንዲህ ቀላል ሆኖ እንዲህ የጠለቀ ሐሳብ ጥቂት ነው።

ዛሬ በብዙ አውሮፕላኖች ወለል ላይ የሚታየው መስመር ሽቦም ባትሪም የለውም። ከክፍሉ መብራት የተቀበለውን ብርሃን በጨለማ መልሶ የሚሰጥ ቁስ ነው። ስለዚህ ከዕለቱ የመጀመሪያ በረራ በፊት ባዶው ክፍል መብራቱ ቦግ ብሎ ቢታይ ብክነት አይደለም፤ መስመሩ እየተሞላ ነው።

በሌሊት መነሻና ማረፊያ ላይ መብራት የሚደበዝዘውም ለእንቅልፍ ተብሎ አይደለም። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በድንገት መውጣት ግድ ቢሆን ያን ያህል ጊዜ የሚሰጥ የለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀድሞ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተረከበው ቦይንግ 787 ቀለማቸው የሚለዋወጥ የኤልኢዲ መብራቶችና በቁልፍ የሚጠቁሩ መስኮቶች አሉት። ምቾቱ እውነት ነው፤ የደኅንነቱ ሥርዓት ግን ያው ነው።

የውጭ መብራቶች ሥራ በዋናነት መታየት ነው። በግራ ክንፍ ጫፍ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ በጅራት ነጭ ይበራል፤ ልማዱ ከመርከበኞች የተወረሰ ነው። ቀይ ብቻ ያየ አብራሪ ሌላው አውሮፕላን ከቀኙ ወደ ግራው እያቋረጠ መሆኑን ይረዳል። ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ ካየ ፊት ለፊት እየመጣበት ነው።

ይህ የመብራት ቋንቋ መሬት ላይ ሊከሽፍ እንደሚችል ሎስ አንጀለስ አሳየ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1991 ማታ ሜትሮላይነር የተባለች አንዲት ትንሽ የመንገደኞች አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ ቆማ የመነሻ ፈቃድ ትጠብቅ ነበር። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዋ አውሮፕላኗ እዚያ መኖሯን ዘንግታ ለዩኤስኤር አየር መንገድ ቦይንግ 737 እዚያው እንዲያርፍ ፈቀደች። የሜትሮላይነሯ መብራቶች ከኋላ ለሚመጣ ዓይን ከማኮብኮቢያው መብራቶች ጋር ተቀላቅለው ነበር። በውስጧ የነበሩት 12 ሰዎች በሙሉ፣ ከ737ቱም ከ20 በላይ ሞቱ።

ዛሬ የአሜሪካ መመሪያ ለመነሳት ማኮብኮቢያ የሚገባ አውሮፕላን ከማረፊያ መብራቱ በቀር የውጭ መብራቶቹን ሁሉ፣ ብልጭ ድርግም የሚሉትን ነጫጭ ስትሮቦች ጨምሮ፣ እንዲያበራ ይመክራል። የማረፊያ መብራቱ የሚበራው የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ነው፤ በአካባቢው ያሉ አብራሪዎችም ያ አውሮፕላን ሊንደረደር መሆኑን ያለ ሬዲዮ ያውቃሉ።