ድህነት ወንጀል ነው እንዴ?

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ጻፈልኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ከጓደኞቹ ጋር ደብረ ብርሃን ወዳለ የተፈናቃዮች ካምፕ ሊሄዱ ነው። «ቲቸር፣ ባነር ልናሠራ ነው፤ መፈክሩን አይተው ያርሙልን» ይላል። አየሁት። የፊደል ስህተት የለበትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፦ «ከእናንተ ውስጥ ካምፑ ገብቶ ያየ ማነው?» ትንሽ ቆየና «እስካሁን ማንም» ብሎ መለሰልኝ።

ያኔ ሾላን አነሳሁለት። ስለ ሾላ ሰምቶ አያውቅም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ እኔው ነኝ አራት ዓመት ታሪክ ሳስተምረው ያላነሳሁለት። «መሬት ለአራሹ»ን አስተምረን፣ የ1966ን አብዮት አስተምረን፣ ሾላን ዘለን እናልፋለን። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ለእሱም፣ ለእናንተም ያለብኝን ዕዳ መክፈያ ይሁንልኝ።

ጊዜው 1958 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከተመሠረተባት ገና ሦስት ዓመቷ ነው። የየአገሩ መሪና ዲፕሎማት የሚመላለስባት ከተማ ሆናለች። መንገድ ዳር የተቀመጠ ለማኝ፣ ቤት አልባ፣ በሽተኛ ደግሞ ለእንግዳ ዓይን አይመችም። ምን ተደረገ? እየታፈሱ በጊዜው የከተማዋ ዳርቻ በነበረው ሾላ በአንድ ካምፕ ውስጥ ታጎሩ። ከዓይን ከራቁ እንደሌሉ ይቆጠራሉ መሰለኝ ሐሳቡ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ሰሙ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በየካቲት 1957፣ «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የወጡት እነሱ ናቸው። ከመሃላቸው «አዞዎች» በሚል ስም የሚታወቁ ግራ ዘመም ወጣቶች ነበሩ። ግን በሾላ ጉዳይ የያዙት መፈክር ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። ስለ መደብ ትግል ወይም ስለ ካፒታሊዝም አያወራም። «ድህነት ወንጀል ነው?» የሚል አጭር ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ይዘው አደባባይ ወጡ፤ ከከተማው ዓይን የተደበቀው ካምፕም የአደባባይ ጉዳይ ሆነ።

ይህቺን ጥያቄ ሳስብ የአያቴ ታናሽ ወንድም ትዝ ይለኛል። የእኛን አገር ደጋ ታውቁታላችሁ። ውርጭ ገብሱን የበላበት ዓመት ጎበዝ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። እሳቸውም በአንዱ ክፉ ዓመት ወርደው፣ ባናቸውን ለብሰው፣ በኩሊነት ሸክም ሲጠባበቁ ከለማኞች ጋር ታፈሱ። ጭነው ከከተማው ዳር አራገፏቸው። በእግራቸው ተመልሰው ገቡ። ሲያወሩት እየሳቁ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉ ነበር፦ «ልብሴ ተቀደደ እንጂ እጄ መች ለልመና ተዘረጋ?» እንግዲህ ተማሪዎቹ ሾላ ላይ የጠየቁት ይህንኑ የሽማግሌውን ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው ጥያቄያቸው ዛሬም የማያረጀው።

በዓለም ላይ የታወቀው የድንኳን ተቃውሞ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ የተጀመረው ነው። ወጣቶች ከባንኮቹ ሰፈር አጠገብ ባለ ፓርክ ድንኳን ተክለው «እኛ 99 በመቶ ነን» አሉ። እዚያም ግራ ዘመም አክቲቪስቶች ከፊት ነበሩ። የእኛው ግን ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ተቃዋሚው ራሱ ካምፕ ሠርቶ መሃል ከተማ ተቀመጠ፤ እዚህ ካምፑን የሠራው መንግሥት ነው፣ ያውም ድሃውን ሊደብቅበት፤ ተማሪው ደግሞ ከግቢው ወጥቶ የተደበቀውን አጋለጠ።

ከሾላ ሰባት ዓመት በኋላ ያው ታሪክ በወሎ ተደገመ፤ በዚህ ጊዜ ግን በእጅጉ የከፋ ሆኖ። በ1965 ረሃቡ ሲበረታ ሰው ከቀዬው እየተነቀለ አስፋልት ዳርና በየመጠለያው ፈሰሰ። ለአቤቱታ ወደ አዲስ አበባ የተነሱ ገበሬዎችን ፖሊስ አስቆማቸው። የደሴ መንገድ በእኛው በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን በኩል ነው የሚያልፈው፤ ያ ሁሉ መከራ የደጃችን መከራ ነበር። መንግሥት ረሃብ የለም ሲል የዩኒቨርሲቲው መምህራን እዚያው ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶ አንስተው መጡ፤ ፎቶውም በግቢው ለእይታ ቀረበ። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም የታየው ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ነው። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ሥራ ያው ነው፦ ሄዶ ማየት።

በየካቲት 1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ታክሲ ነጂው በቤንዚን ዋጋ፣ መምህሩ በትምህርት ፖሊሲው ሥራ አቆሙ። የካቲት 11 ቀን ሁለቱም አንድ ላይ ቆመዋል። መምህር ስለሆንኩ ይህችን ቀን ሳነሳ ትንሽ ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ፤ አትፍረዱብኝ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ያኮራል። ቀጣዩን ግን ካልነገርኳችሁ ግማሽ ታሪክ ነው።

ያ የሚጠይቅ ትውልድ ቀስ በቀስ መልሱን ቀድሞ የያዘ ትውልድ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ታወጀ። ለደቡብ ጭሰኛ ይህ ነፃነት ነው፤ ከምርቱ እኩሌታ ድረስ ለባለመሬት ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው። 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር በእድገት በሕብረት ዘመቻ በየገጠሩ ተሰማርቶ አዋጁን እንዲያስተምር ተደረገ። አዋጁ መንዝ ሲደርስ ግን ያገኘው ሌላ አገር ነው። እዚህ አብዛኛው ገበሬ በአባቱም በእናቱም የሚቆጥረው ርስት ነበረው። አራሹ ራሱ ባለርስት ነው። «መሬት ለአራሹ» ሲባል «ታዲያ የማን ነበረ?» ቢል ይፈረድበታል?

ጓሳን እንውሰድ። ጓሳን የዛሬ ልጆች የሚያውቋት በጭላዳና በቀይ ቀበሮ ነው። አባቶቻችን ግን ለ400 ዓመት ገደማ በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቋት ኖረዋል። አለቃ መርጠው፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ከፍተው፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለጌሳ በሥርዓት ያጭዱ ነበር። ቀሮ የተመሠረተው በርስት ላይ ነው። ርስት በአዋጅ ሲቀር ቀሮም አብሮ ወደቀ። ጓሳ ተጎዳች፤ ሕዝቡ በኋላ እንደገና ተደራጅቶ ነው ያተረፋት።

ፍርዴ ሚዛን እንዳይስት አንድ ነገር ልጨምር። ቀሮ ሁሉን እኩል አያይም ነበር። ርስት የማይቆጥር ሰው ከጓሳ ድርሻ አልነበረውም። ለእሱ አዋጁ በር ከፍቶለታል። ስለዚህ ነገሩ «ተማሪዎቹ አጠፉ» ብሎ የሚዘጋ አይደለም። ችግሩ ለደቡብ ጭሰኛ የተሰፋውን ልብስ የመንዜን ቁመት ሳይለኩ ማልበሳቸው ነው።

እነዚህን ልጆች ዛሬ ስድብ ብቻ የሚያሸክማቸው ሰው አለ። እኔ አልችልም። ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 በጥይት ሲገደል የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። ከዚያ በኋላ ቀይ ሽብር የበላውን ቤት ይቁጠረው። ለድሃው ሲሉ ነፍሳቸውን ሰጥተዋል። ግን ሾላ ላይ የጠየቁትን ያህል በኋላም ቢጠይቁ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

ለተማሪዬ የመለስኩለት ይህን ነው፦ «ባነሩን ለጊዜው አቆዩት። መጀመሪያ ደብተር ይዛችሁ ግቡ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ እህሉ ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ ልጆቹ ይማሩ እንደሆነ ጠይቁ። 'ምን እንድንልላችሁ ትፈልጋላችሁ?' በሏቸው። መፈክሩ ከእነሱ አፍ ይመጣል።»

ቅዳሜ ሄደው ነበር። ማታ ላይ ደወለልኝ። ከአንዲት እናት ጋር አውርተዋል። እሷ ያለችው በባነሩ ላይ ካሰቡት ጋር አንድ ቃል አይገናኝም። «እርዳታ ስጡን በሉልን አላልኩም» ብላ ነው የጀመረችው። «ገበሬ ነኝ። እርሻ ነው የጠፋኝ።»

«ታዲያ መፈክሩስ?» አልኩት።

«ቀደድነው ቲቸር» አለኝ።

በፈተና ቢሆን ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር። ቸር ሰንብቱ።