ለአሥራ ሁለት ሰዎች ሲባል

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1976፣ ቦታው አሜሪካ፣ ቤል ላብስ የምርምር ማዕከል ነው። ስቲቭ ጆንሰን የተባለ ፕሮግራመር እየተራገመ ባልደረባው ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ገባ። ጠዋቱን ሙሉ ስህተት ሲፈልግ አባክኗል፤ ስህተቱ ግን አስቀድሞ ታርሟል። የታረመው ፋይል ወደ ማሽን ቋንቋ እንደገና ስላልተቀየረ ኮምፒውተሩ የሚያስኬደው አሮጌውን ነበር። ፌልድማንም ባለፈው ምሽት በዚሁ ጣጣ ሲሰቃይ ነው ያመሸው።

አንድ ፕሮግራም ከብዙ ፋይሎች ይገነባል። አንዱ ሲነካ በእሱ ላይ የተመሠረቱት ሁሉ እንደገና መሠራት አለባቸው። የትኛው ተሠርቶ የትኛው እንደቀረ በቃል መያዝ ያሳስታል፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው መሥራት ደግሞ ጊዜ ይፈጃል።

ፌልድማን መጀመሪያ ያሰበው ውስብስብ መሣሪያ ነበር። ሐሳቡ እየቀለለ መጣና በዚያው ቅዳሜና እሁድ «ሜክ» ተወለደ። ፕሮግራመሩ የቱ ከየቱ እንደሚሠራ ይዘረዝራል፤ ሜክ ፋይሎቹ የተቀየሩበትን ሰዓት ያመሳክራል፤ ጊዜው ያለፈበትን ብቻ እንደገና ያሠራል። ከዚህ የዘለለ ብዙ ነገር የለውም።

አንድ እንከን ግን ነበረበት። እያንዳንዱ የትዕዛዝ መስመር በታብ ቁልፍ መጀመር አለበት። በባዶ ቦታ ከተጀመረ አይሠራም፤ ስክሪን ላይ ግን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ፌልድማን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሊያርመው ይችል ነበር። ነገር ግን ያኔ አሥራ ሁለት ያህል ተጠቃሚዎች ነበሩት፤ አብዛኞቹም ወዳጆቹ። እነሱን ላለማስቸገር ብሎ ተወው።

ሜክ ከዩኒክስ ጋር ዓለምን አዳረሰ፤ ታቡም አብሮ ተጓዘ። ለአሥራ ሁለት ሰዎች የተደረገው ይሉኝታ ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ፕሮግራመሮች አስለቀሰ።

በ2000 ጄምስ ዳንከን ዴቪድሰን ከዚህ ጣጣ የሚያመልጥ «አንት» የተባለ መሣሪያ አወጣ። መመሪያው በኤክስኤምኤል የሚጻፍ ነበርና ታቡን የሸሹ የቅንፍ ጫካ ውስጥ ገቡ። ዴቪድሰን ራሱ በኋላ በምርጫው ተጸጽቷል።

ጉግል ውስጥ በክሮም ላይ ይሠራ የነበረው ኢቫን ማርቲን ግን ወደ ትንሽነት ተመለሰ። 30,000 ያህል ፋይል ባለው ሥራ አንድ ፋይል ሲነካ፣ የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ግንባታ ለመጀመር ብቻ 10 ሰከንድ ይወስዱ ነበር። «ኒንጃ» ከአንድ ሰከንድ በታች አወረደው። ፈጣን የሆነው ብዙ ስለሚችል ሳይሆን ጥቂት ስለሚሠራ ነው፤ ማሰቡን ለሌላ ፕሮግራም ትቶ የተዘጋጀለትን ዝርዝር ብቻ ይፈጽማል። ኒንጃ ታብ ሲያገኝ ደግሞ «አልቀበልም» ይላል።

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» እንዲሉ፣ እንከን የሚታረመው ገና በትንሽነቱ ነው። ተጠቃሚው ከበዛ በኋላ ማረም የሁሉንም ሥራ ማፍረስ ይሆናል። ፌልድማን በ2003 ለሜክ ከታላላቆቹ የኮምፒውተር ሽልማቶች አንዱን ተቀበለ። ሜክ ዛሬም የሊኑክስን ከርነል ይገነባል፤ ትዕዛዙም ዛሬም በታብ ይጀምራል።