ከ16 ቅብ ቀለም በታች

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ትልልቆቹ የቺሊ ጋዜጦች በባለሀብቶች እጅ ነበሩ። ድሃው ወገን የሚናገርበት አንዱ ቦታ የመንገድ ዳር ግንብ ነበር። በ1968 የኮሙኒስት ፓርቲው ወጣቶች ግንብ የሚቀባ ብርጌድ አቋቁመው ራሞና ፓራ አሉት። ራሞና በ1946 በሳንቲያጎ ቡልነስ አደባባይ ሰልፍ ላይ ፖሊስ የገደላት ወጣት ናት።

ሥራው የሌሊት ነበር። ፖሊስ ወይም የተቃራኒ ወገን ቡድን ሳይደርስ ጨርሶ መሰወር ስለሚያስፈልግ ወጣቶቹ ሥራውን ተከፋፈሉት። አንዱ የመፈክሩን ፊደሎች ቅርጽ ይነድፋል፤ ሌላው ዙሪያቸውን ይቀባል፤ ሦስተኛው ውስጣቸውን ይሞላል። በመጨረሻ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ዳር ዳሩን በወፍራም ጥቁር መስመር ይከተላል። ይህ መስመር በጥድፊያ የተዛነፈውን ጠርዝ ይሸፍናል፤ ጽሑፉንም ከሩቅ ያስነብባል። ጥግ ላይ ቆሞ የሚጠብቅም አለ። ከብርጌዱ ስም በቀር የማንም ስም አይጻፍም።

በ1970 ብርጌዱ የሚደግፋቸው ሳልቫዶር አየንዴ የፕሬዚዳንትነት ምርጫውን ሲያሸንፉ ከመፈክሩ ጎን ርግብ፣ የተጨበጠ እጅ፣ የሠራተኛ ፊት በዛ። ያ ከችኮላ የተወለደ ጥቁር መስመር ግን አልቀረም፤ የአገሪቱ የግንብ ሥዕል መለያ ሆነ።

በዓመቱ፣ አውሮፓ ውስጥ ስሙ የገነነው ቺሊያዊ ሠዓሊ ሮቤርቶ ማታ ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ብሩሽ ያዘ። በደቡብ ሳንቲያጎ፣ ላ ግራንሃ በተባለው የሠራተኞች ሰፈር፣ የማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ ዘንድ 24 ሜትር ርዝመት ያለው ግንብ አብረው ሣሉ። ርእሱ «የቺሊ ሕዝብ የመጀመሪያ ጎል» ነው፤ ጎሉ የአየንዴ ድል መሆኑ ነው። በሙዚየም የሚከበር ሰው ስም ከሌላቸው ልጆች ጋር እኩል መቆሙ ከሥዕሉ ባልተናነሰ ሊነገርለት ይገባል።

በመስከረም 1973 ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። ሥዕሎቹ በየመንገዱ በቀለም ተሸፈኑ፤ ሠዓሊዎቹ ታደኑ፣ ታሰሩ፣ ተሰደዱ። የላ ግራንሃው ግንብ 16 ጊዜ ተደራርቦ ተቀባ።

በ2005 ባለሙያዎች ቅቡን እየፋቁ ማንሳት ጀመሩ፤ በ2008 ሥዕሉ ለሕዝብ ተከፈተ። ሠዓሊው ይህን አላየም፤ በ2002 ጣሊያን ውስጥ ሞቷል። ቦታው ዛሬ በስሙ የተሰየመ የባህል ማዕከል ነው።

ይህን ግንብ ከቅቡ ሥር ማውጣት ያስፈለገው አንድ ታዋቂ ስም ስላለበት እንደሆነ ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን ብርጌዱ ለብቻው ከሣላቸው ግንቦች አብዛኞቹ ዛሬ የሚታወቁት በፎቶግራፍ ብቻ ነው።