ሰማያዊዋ ሣጥንና የደጋን ነጋዴ

እስቲ ዛሬ ስለ አንዲት ሰማያዊ ሣጥን እናውጋ። ስሟ ኮባልት ኪዩብ ይባላል። ካሊፎርኒያ የነበረው ኮባልት እ.ኤ.አ. በ1998 ለአነስተኛ ድርጅቶች ብሎ ያወጣት ሰርቨር ናት። ጎኗ 20 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ፕሮሰሰሯ 150 ሜጋኸርዝ፣ የምትሠራው በሊኑክስ ነው።

ያኔ ሰርቨር ሲባል የተለየ ክፍልና ደመወዙ የከበደ ባለሙያ ይጠይቅ ነበር። ኪዩብ ግን በትንሿ ስክሪኗ አድራሻዋን ካስገቡላት ሌላው ሁሉ በብራውዘር ይስተካከላል። የቢሮውን ኢሜይል፣ ፋይልና ድረ ገጽ ለብቻዋ ታስተናግዳለች።

እኛስ ያኔ የት ነበርን? ቴሌ ኢንተርኔት የጀመረው በጃንዋሪ 1997 ነው። ከዚያ በፊት ግን አዲስ አበባ በኢ.ሲ.ኤ. ግቢ የነበረው ፓዲስ በፊዶኔት ኢሜይል ያመላልስ ነበር። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ መልእክት ያጠራቅማል፣ ሰዓቱ ሲደርስ በሞደም ደውሎ ባንድ ጊዜ ይልካል፣ የመጣውንም ይቀበላል። መስመሩ ቢቆረጥ የተጻፈው አይጠፋም፣ እዚያው ሆኖ ይጠብቃል።

ኪዩብና ፊዶኔት በዚህ ይመሳሰላሉ፤ መዝገቡ ያለው ባለቤቱ ዘንድ ነው። መስመሩ መንገድ እንጂ ጎተራ አይደለም።

የኪዩብ ዕድሜ አልረዘመም። በ2000 ሰን ማይክሮሲስተምስ ኮባልትን 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ አክሲዮን ገዛው፣ በ2003 ደግሞ ምርቱን አቆመው። ደግነቱ ሶፍትዌሯ ለሕዝብ ተለቀቀና በጎ ፈቃደኞች ሥራውን ቀጠሉበት። ፋብሪካው ሲዘጋ ሐሳቡ አብሮ አልተቀበረም።

ታዲያ ይህ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲኬድ መንገድ ላይ ያለችው ደጋን ውስጥ ሱቅ ለከፈተ ሰው ምኑ ነው? ብዙ ነው እንጂ! ዛሬ ሒሳቡም፣ የደንበኛው ዱቤም ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ይመቻል፣ አልክድም። ነገር ግን በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በኦገስት 2023 ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋና ወራት ቆጠረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማን ስንት እንዳለበት ማወቅ የሚችለው የዱቤ ደብተሩን ከባንኮኒው ሥር ያኖረ ነጋዴ ነው።

ኪዩብን ፈልጋችሁ ግዙ ማለቴ አይደለም፣ ጊዜዋ አልፏል። ግን የመዝገባችሁ አንድ ቅጂ እዚያው ሱቃችሁ፣ ያለ መስመር በሚከፈት ኮምፒውተር ላይ ይኑር። ጎተራውን ጎረቤት ቤት የሠራ ሰው በሩ የተዘጋ ዕለት ጾሙን ያድራል።

ቸር ይግጠመን።