የአባቴ ቮልስ

ቮልሷን ከጓሮ ስናወጣት ጎማዎቿ ተሰነጣጥቀው፣ ወለሏም በዝገት ተበልቶ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ አልተነዳችም። ወንድሜ በብረት ዋጋ ሊሸጣት ቆርጦ ነበር፤ እስካጥባት እንዲታገሠኝ ለመንሁት።

ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየር። ስለዚህ የሚዝግ ራዲያተር የላትም። አይጦች ግን በአየር ማራገቢያዋ ሽፋን ውስጥ ጎጆ ሠርተው ኖሯል፤ ያንን ሳናጸዳ ብናስነሣት ሞተሩ ግሎ በተበላሸ ነበር። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ አደረግሁና በእጄ አዞርሁት። ዞረ!

ብዙ የቆየሁት የኋላ ወንበሯን ሳጥብ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወሰዳቸው በእንዲህ ያለች ቮልስዋገን ነው። ባለ ሁለት በር ናትና ወደ ኋላ ለመግባት ንጉሥም ቢሆን ማጎንበሱ አይቀርም። ሮልስ ሮይስ ለለመዱት ንጉሠ ነገሥት ይህ ውርደት ነበር፤ ታሪክም የሚያስታውሰው እንደዚያ ነው። ከጸሐፊነት ደመወዛቸው ቆጥበው ለገዟት ለአባቴ ግን ከዚህች መኪና በላይ ማዕረግ አልነበረም። ለጥምቀት ነጭ አልብሰው እኛን ልጆቻቸውን የሚደረድሩን እዚሁ ወንበር ላይ ነበር።

ከዚያ መስከረም በኋላ ወር ያህል ወደ ቢሮ በእግራቸው ተመላለሱ። ምክንያቱን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። አሁን የሉም።

ትናንት ወንድሜ የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ገባና ከኋላ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ። ሽያጩን ለጊዜው አቆይተነዋል።