ዝባድ፦ ከቀንድ እስከ ብልቃጥ



ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሽቶ ይወዱ እንደነበር፣ ለጁሙዓም መቀባትን እንዳበረታቱ እናውቃለን። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አል-ኪንዲም ከመቶ በላይ የቅመማ ዘዴዎችን የያዘ የሽቶ መጽሐፍ ጽፏል። በዚህ ታሪክ ውስጥ አገራችንም ድርሻ አላት፤ እርሱም ዝባድ ነው።

ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀበርቲ ነጋዴዎች ከሊሙ ኢናርያ ገዝተው፣ በከብት ቀንድ አሽገው፣ በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ያወርዱት ነበር። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገርና አውሮፓ ይደርሳል። ሲበዛ ይሰነፍጣል፤ በጥቂቱ ሲቀመም ግን የሌላውን ሽቶ መዓዛ አጽንቶ ያቆያል። እኔ ዝባድ በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ አያቴ ናቸው፤ ዒድ ሲደርስ ከቀንዷ በስንጥር ጫፍ ነክተው ከሽቷቸው ጋር ያዋህዱት ነበር።

ይሁንና ትዝታው ሲጣፍጠን ጥርኙን አንርሳ። በወጥመድ ተይዞ ጠባብ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ይታጎራል፤ በየጊዜው ተጨምድዶ እየተያዘ ዝባዱ ይፋቃል። ድመት አስራ ሳታበላት፣ አድናም እንድትበላ ሳትለቃት የገደለች ሴት እንደተቀጣች በሐዲስ ተነግሮናል። አርቢው ጥርኙን ይቀልበዋል፤ ግን መቀለብ ብቻ ይበቃል ወይ? የፈረንሳዩ ሻኔል እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በተፈጥሮ ዝባድ ፋንታ በሰው ሠራሽ እንደሚጠቀም አስታውቋል። ገበያው በዚህ መንገድ ከመጥበቡም በላይ፣ በአላህ ፊት የምንጠየቅበት አደራ አለብን። የአባቶቻችንን ንግድ የምናከብረው ጎጆውን አስፍተን፣ አያያዙን አሻሽለን ስንገኝ ነው።